ጅብ በሥነ ፍጥረትና በሥነ ጽሑፋችን

የክርስትና ሃይማኖት ስለ ዓለም አፈጣጠር ከሚያስተምረው ሁሉ ለመናገር የሚቀለው፥ ለማመን ግን የሚከብደው፥ ፍጥረት ሁሉ መልካም ነው የሚለው ትምህርት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት፥ እግዚአብሔር የፈጠረውን በየጊዜው እየተመለከተ መልካም መሆኑን እንደ መሰከረ፥ በስድስተኛውም ቀን ሁሉን በአንድነት አይቶ እጅግ መልካም ሆኖ እንዳገኘው ይተርካል። በመስከረም ወር አደይ አበባ ሜዳውን ባለበሰ ጊዜ ይህን ቃል የሚሰማ ሰው ያለ አንዳች ክርክር ይቀበለዋል። በእኩለ ሌሊት የጅብ ድምፅ ሰምቶ የበረቱን መዝጊያ ለማጥበቅ ከመኝታው የሚነሣ ገበሬ ግን እንዲሁ በቀላሉ የሚቀበለው አይመስለንም። ይሁን እንጂ ቃሉ እውነት ከሆነ ለአደይ አበባ ብቻ ሳይሆን ለጅብም እውነት ሊሆን ይገባዋል። ለጅብ እውነት ካልሆነ፥ ለአበባውም የምንሰጠው ምስጋና ዐይናችንን ስላስደሰተው የከፈልነው ዋጋ እንጂ ሃይማኖት አይባልም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የአገራችን ሥነ ጽሑፍ፥ የተጻፈውም ሆነ በቃል የሚነገረው፥ ጅብን እንዴት አድርጎ እንደ ሣለውና ሥዕሉም ከፍጥረት መልካምነት ትምህርት ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ነው። ነገሩ የአውሬ ወሬ ነው ብሎ የሚንቅ አንባቢ አይጠፋም፤ ዳሩ ግን ወደ ኋላ እንደምናሳየው በጅብ ላይ የተፈረደው ፍርድ በጅብ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ወደ ሰውም ተሻግሯል።

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። አማርኛው «መልካም» የሚለውን የግዕዙ መጽሐፍ «ሠናይ» ይለዋል። ሠናይ ማለት ያማረና የበጀ ማለት ነው፤ ውበትንና በጎነትን ሳይለያይ በአንድነት ይይዛል። የእኛም «መልካም» መልክ ከሚለው ቃል የወጣ ስለ ሆነ ያንኑ መንገድ ይከተላል። ከሠናይ ጋር አንድ ዘር የሆነው «ሥን» ውበት ማለት ነውና፥ ሊቃውንቱ የዓለምን አፈጣጠር «ሥነ ፍጥረት» ሲሉ፥ እኛም የድርሰትን ሙያ «ሥነ ጽሑፍ» ስንል፥ በሁለቱም ፊት ያቆምነው አንድ ቃል ነው። እንግዲህ በሥነ ጽሑፍ ሥነ ፍጥረትን ማዋረድ ቃሉን ከራሱ ጋር ማጣላት ይሆናል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩት ፍጥረታት 22 ናቸው። እሑድ ስምንት፥ ሰኞ አንድ፥ ማክሰኞ ሦስት፥ ረቡዕ ሦስት፥ ሐሙስ ሦስት፥ ዓርብ አራት ተብለው ይቆጠራሉ። ቍጥሩ ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር የሚስማማ ነው፤ በቆጵሮሱ በቅዱስ ኤጲፋንዮስ ስም የሚጠራው መጽሐፈ አክሲማሮስም የስድስቱን ቀናት ሥራ በሰፊው ይተነትናል። በዚህ ቍጥር መሠረት ጅብ ከየብስ አራዊት ጋር የዓርብ ፍጥረት ነው፤ ሰውም የዓርብ ፍጥረት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ከአንድ ምድር ተገኙ። ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኦሪት የምድር አራዊት መልካም መባላቸውን የምትነግረን ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው። ስለዚህ መልካምነታቸው ለሰው በሚሰጡት ጥቅም አልተመዘነም፤ ጥቅሙን የሚቀበል ሰው ገና አልነበረምና።

ይህን ሥርዓት ይዘን ወደ ሌላው መጽሐፍ ወደ ፊሳልጎስ ብንሄድ የምናገኘው ሌላ መንፈስ ነው። ፊሳልጎስ ከክርስትና መጀመሪያ መቶ ዓመታት በአንዱ፥ በእስክንድርያ ሳይሆን እንደማይቀር በሚገመት ቦታ፥ በግሪክኛ የተደረሰ ሲሆን፥ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። የግዕዙን ቅጂ ፍሪትዝ ሆመል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1877 (እ.ኤ.አ.) ላይፕዚግ ላይ አሳትሞታል። መጽሐፉ አራዊትን፥ አዕዋፍንና ዕንቍዎችን እየጠራ ባሕርያቸውን ይነግራል፤ ከዚያም ባሕርዩን ወደ መንፈሳዊ ምሳሌ ይመልሰዋል። አንበሳው፥ ፎኒክስ የተባለው ወፍ፥ ግልገሎቹን በደሙ የሚያነሣው ወፍ የክርስቶስ ምሳሌዎች ይሆናሉ። ጅብ ግን የደረሰው ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። ጅብ አንድ ጊዜ ወንድ አንድ ጊዜ ሴት ይሆናል ተብሎ ስለሚታመን፥ መጽሐፉ ርኩስ ብሎ ጠርቶት በሁለት ልብ የሚያመነታ ሰው ምሳሌ አድርጎታል።

መጽሐፉን በዚህ ምክንያት ብቻ ልንነቅፈው አንሻም። ፊሳልጎስ የአራዊት ጥናት መጽሐፍ ለመሆን አልተነሣም፤ አሳቡ ምእመኑ በሜዳና በዱር የሚያየውን ሁሉ እንደ ፊደል እንዲያነበው ማስተማር ነው። በዚህ በኩል ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓም በሥዕልና በድርሰት ብዙ ወርሶታል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ፍጥረትን ሁሉ ወደ ምሳሌነት ሲለውጥ ምሳሌውን ይዞ ፍጥረቱን ይጥለዋል። አንበሳው ለምሳሌ ሲከብር አንበሳው ራሱ አልታየም፤ ጅቡም ለምሳሌ ሲረክስ ጅቡ ራሱ አልታየም። አንበሳው ግን በአለመታየቱ ያተረፈው ክብር ነው፤ ጅቡ ያተረፈው ስድብ ነው።

ያውም ስድቡ የቆመው በሐሰት ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው አርስጣጣሊስ፥ ጅብ ጾታውን ይለዋውጣል የሚለው ወሬ ስሕተት መሆኑን አስቀድሞ ጽፎ ነበር። የዛሬ ሊቃውንትም የወሬውን ምንጭ አስረድተዋል። በአገራችን በብዛት በሚገኘው ነጠብጣባማ ጅብ ዘንድ የሴቲቱ አካል በውጭ ሲያዩት የወንዱን ስለሚመስል ተመልካች ይሳሳታል እንጂ፥ ወንዱ ወንድ፥ ሴቷም ሴት ናት። እንዲያውም በዚህ ወገን ውስጥ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውንም የምትመራ እርስዋ ናት። እንግዲህ ጅብ በሁለት ልብ አላመነታም፤ ሁለት ሆኖ የታየው በተመልካቹ ዐይን ነው።

ከተጻፈው ወደ ቃል ሥነ ጽሑፋችን ስንመጣ ጅብን የማያነሣ ሽማግሌ፥ የማያውቀው ሕፃን አይገኝም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቍርበት አንጥፉልኝ አለ» ብለን ራሱን በሐሰት የሚያከብረውን እንዘልፋለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለን ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደነፋውን እንነቅፋለን። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ብለን ከአስመሳይ እንጠነቀቃለን። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብለን የደካማን ተስፋ እንመዝናለን። በተረቱም ውስጥ ሆዳም፥ ፈሪ፥ ሞኝ፥ ከዳተኛ ሆኖ ይመጣል፤ ጦጣ ታታልለዋለች፥ ቀበሮም ትሸነግለዋለች።

ሆኖም ተረቱ ከፊሳልጎስ ይልቅ ለጅብ የራራበት አንድ ነገር አለ። በተረት ውስጥ ጅብ «አያ ጅቦ» ተብሎ ይጠራል። «አያ» ታላቅ ወንድምን፥ በዕድሜ የቀደመን ሰው የምንጠራበት የአክብሮት ቃል ነው። ተራቹ ጅቡን ቢስቅበትም ከቤተ ዘመዱ አላወጣውም፤ በእሳት ዳር ከልጆቹ ጋር አስቀምጦታል። በቀልዱ ውስጥ ፍርሃት አለ፤ በፍርሃቱ ውስጥ ግን ዝምድና አለ። ስለዚህ ተረቱ ይጥፋ አንልም፤ ተረት የሰውን ጠባይ ለመገሠጽ የአውሬን ቆዳ ይዋሳል፤ ተውሶም ይመልሳል።

ክፉው ነገር የሚጀምረው የተዋሱትን ቆዳ አለመመለስ ሲመጣ ነው። ይህም የሆነው ቡዳ በሚባለው እምነት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራዋ፥ በብዙ አገር ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን፥ ሌሊት ጅብ እየሆኑ ይወጣሉ፥ በዐይናቸውም ሰው ይበላሉ እየተባለ በእነርሱ ላይ ለብዙ ዘመን ሲወራ ኖሯል። ማረሻውን ከእጁ ተቀብሎ የሚያርሰው ገበሬ ቀጥቃጩን በማዕዱ አላስቀረበውም፤ በሠራችው ምጣድ እንጀራ የጋገረችው ሴት ሸክላ ሠሪዋን ልጄን እንዳታይብኝ ብላ ሸሸቻት። ከዚህ ወሬ የተነሣ የተደበደበ፥ ከመንደር የተባረረ፥ ልጁን ለመዳር ያልቻለ ሰው ስንት እንደ ሆነ ማን ቈጥሮ ይጨርሰዋል?

ይህ እምነት ራሱን ከክርስትና ጋር አቀላቅሎ ቢኖርም፥ በፍጥረት መልካምነት ትምህርት ፊት ሲቆም በሦስት ወገን ይረታል። አንደኛ፥ ባሕርይን የመለወጥ ሥልጣን የፈጣሪ ሆኖ ሳለ ለሰው ይሰጣል። ሁለተኛ፥ እግዚአብሔር መልካም ያለውን አውሬ የክፋት መኖሪያ ያደርገዋል። ሦስተኛ፥ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው አርአያውን ገፎ የተጠላ ቆዳ ያለብሰዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስለ እጅ ሥራ የሚለው ሌላ ነው፤ በኦሪት ዘፀአት የደብተራ ኦሪትን ሥራ የመራው ባስልኤል በወርቅ፥ በብርና በናስ እንዲሠራ መንፈስ እግዚአብሔር እንደ መላበት ተጽፏል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በእጅ ሥራው ምክንያት የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አይለውጥም፤ ልብን ሊለውጥ የሚችለው ትምህርትና ሥነ ጽሑፍ ነው። የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው ብለን ይህን ያነሣነውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሐረር እንሂድ። አሚር ኑር በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ባሠሩት በጀጎል ግንብ ላይ ከጥንት የታወቁት በሮች አምስት ናቸው። ከነዚህ አንዱ በአማርኛ ቡዳ በር ይባላል፤ በስተ ሰሜን ያለው ደግሞ ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ፈላና በር ነው። ከፈላና በር ውጭ፥ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ፥ ለብዙ ዓመታት ጅቦች በሰው እጅ ሲመገቡ ኖረዋል። መጋቢው ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራቸዋል፤ ሥጋውን በአጭር እንጨት አንጠልጥሎ፥ አንዳንድ ጊዜም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ያቀርብላቸዋል። ለእንግዳ የሚታየው ይህ ልማድ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም እንደ ተጀመረ ይነገራል፤ ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። በአሹራ ቀን ለጅቦች በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ በሚገባ ከበሉት መጪው ዘመን የጥጋብ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። በረኀብ ዘመን ጅቦች ሰውን ባጠቁ ጊዜ ቅዱሳን ሰዎች በሐኪም ተራራ ተሰብስበው ገንፎ ሊያበሏቸው ቃል ገቡ የሚል ታሪክም ይተረካል።

በግንቡ ሥር ደግሞ «ወረባ ኑዱል»፥ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው፥ የሚባሉ ክፍተቶች አሉ። የዝናብ ውሃ በነርሱ ይወጣል፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ በነርሱ ይገባል። ገብቶም በጠባቡ መንገድ የተጣለውን አጥንትና ጥራጊ ጠርጎ ይሄዳል። የከተማው ሰው ጅብ ክፉ መናፍስትን፥ ጅኒዎችን ይበላልናል ይላል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሐረር ጅቦች መጽሐፍ ያሳተመው አውስትራሊያዊው ማርከስ ቤይንስ ሮክ ይህን ጉርብትና በሰፊው ገልጾታል። ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚህ ግንብ የምንማረው ግን ጠላት እንዳይገባ የተሠራ ሆኖ ሳለ ለጅብ መግቢያ የተተወለት መሆኑን ነው።

አንባቢ እንዲህ ይለን ይሆናል፦ ሐረር የእስልምና ከተማ ናት፤ የክርስትናን ትምህርት በሐረር ልማድ መመዘን ምን ያገናኘዋል? እኛ ግን ምስክርነቱ ከጎረቤት መምጣቱን እንደ ጉድለት አንቈጥረውም። በእስልምናም ፈጣሪ የፈጠረውን ሁሉ አሳምሮ እንደ ፈጠረ ይታመናል። በዚህ ነገር ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ልዩነቱ በቃሉ ማን ኖረበት በሚለው ላይ ነው። ቃሉን በየዓመቱ በትርጓሜ የምንሰማ ብዙዎቻችን ጅብን በስድብ ስናሳድደው፥ የፈላና በር ሰው ስሙን ጠርቶ እራት ሰጥቶታል።

የጅብ ጥቅም በዛሬ ዘመን በቍጥርም ተመርምሯል። በመቀሌ ላይ ተደርጎ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፥ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብ እንደሚያስወግዱና በዚህም አባ ሠንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ከሰውና ከከብት እንደሚከላከሉ ገምቷል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ በዐቢይ ጾም ሰው ሥጋ መብላት ሲተው፥ የሚጣል አጥንትና ሥጋ ስለሚያንስ፥ ጅቦች አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። የጾማችን ወራት ለጅብም የችግር ወራት መሆኑን ይህ ያስገነዝባል። ከእኛ ማዕድ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ ፍጥረት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ነገር ግን በጥቅም ላይ ብቻ ተደግፈን ብንቆም ክርክራችን ይወድቃል። ጅብ የሰውን ልጅ እንደሚነጥቅ፥ የድኻውን አንድ አህያ እንደሚጨርስ እናውቃለን። ልጇን ላጣች እናት የ207ቱን ቶን ሒሳብ ማን ደፍሮ ያነብላታል? የማኒ ተከታዮችም የተነሡት ከዚህ ጥያቄ ነበር። በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ማኒ፥ ከአራቱ የዓለም ታላላቅ መንግሥታት አንዱ አክሱም መሆኑን በትምህርቱ የጠቀሰ ሰው ነው፤ እርሱም ዓለም የብርሃንና የጨለማ ድብልቅ ነው፥ ጎጂው ፍጥረት ከጨለማው ወገን ነው ብሎ አስተማረ። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከዚህ ትምህርት ከወጣ በኋላ በምሳሌ መልሶለታል። አላዋቂ ሰው ወደ አንጥረኛ ቤት ገብቶ የማያውቃቸውን መሣሪያዎች ያያል፤ በአንዱ ስለት እጁን ቢቈርጥ፥ በምድጃውም ቢቃጠል፥ ይህ ሁሉ ለክፋት የተሠራ ነው ይላል፤ አንጥረኛው ግን የእያንዳንዱን ሥራ ስለሚያውቅ በስንፍናው ይስቃል። ቅዱስ ባስልዮስም በአክሲማሮስ ድርሰቱ፥ ለሰው መርዝ የሆነው ቅጠል ለወፍ ምግብ እንደ ሆነ አሳይቶ፥ ሁሉ ለሆዳችን ተብሎ አልተፈጠረም ብሏል።

ሌላም ተቃውሞ አለ። በመጀመሪያ ለአራዊት ሁሉ የተሰጣቸው ለምለም ሣር ነበርና፥ ሥጋ መብላት ከአዳም ውድቀት በኋላ የመጣ ነው የሚሉ አባቶች አሉ። ቶማስ ዘአኲኖ በበኩሉ የአራዊት ባሕርይ በሰው ኃጢአት አልተለወጠም ብሏል። ከሁለቱ የትኛውም ቢያዝ ለጅብ ፍርድ አይሆንም። ባሕርዩ ከጥንት ከሆነ መልካም የተባለው እርሱው ነው፤ ከውድቀት በኋላ ከመጣም በደለኛው ሰው ነው፤ ጅብ በእኛ ዕዳ የተራበ ፍጥረት ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ፍጥረት ሁሉ ከእኛ ጋር አብሮ እንደሚቃትት የጻፈውን የሌሊቱን ድምፅ ስንሰማ ልናስታውሰው ይገባናል።

ዳዊት በ103ኛው መዝሙሩ ነገሩን በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ሌሊቱን ለአራዊት፥ ቀኑን ለሰው ያካፍላል፤ አራዊት ምግባቸውን ከእግዚአብሔር ሲለምኑ ያድራሉ፥ ፀሐይ ሲወጣ ወደ ጕድጓዳቸው ይገባሉ፥ ሰውም ወደ ሥራው ይወጣል። ይህ ክፍፍል መልካም ማለት የማይጎዳ ማለት አለመሆኑን ያስተምረናል። መልካም ማለት በተሰጠው ጊዜና በተሰጠው ቦታ የተሰጠውን ሥራ የሚሠራ ማለት ነው። በረቱን ማጥበቅ ሃይማኖትን መካድ አይደለም፤ የሌሊቱን ባለቤት ርስት ማወቅ ነው። የጀጎልም ግንብ ይኸው ነው፤ በሩ ለሰው፥ ቀዳዳው ለጅብ።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ፊሳልጎስ በምሳሌው ይከበር፤ ስለ ጅብ ያለው ግን ለተማሪ ሲነበብ እርማቱ አብሮ ይነገረው። ተረቱና ምሳሌው ይቀጥል፤ መምህሩ ግን «አያ» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ልጆቹን ይጠይቃቸው። ደራሲዎቻችንም አንድ ጊዜ እንኳ ጅብን የማንም ምሳሌ ሳያደርጉ፥ ጅብን ራሱን፥ በፈላና በር ደጅ በጨለማ እንደሚመጣ አድርገው ይጻፉልን። ቆዳውን አውልቆ ለቀጥቃጩና ለሸክላ ሠሪዋ የሚያለብስ ድርሰት፥ ቀልድም ቢሆን፥ በመጽሔትና በትምህርት ቤት መድረክ ቦታ ሊያገኝ አይገባውም። እጅግ መልካም የተባለው ፍጥረት ሁሉ ነው፤ ከዚህ «ሁሉ» ውስጥ አንዱን ያወጣ ሰው ዛሬ ጅብን አውጥቶ እንደ ሆነ ነገ ጎረቤቱን ማውጣቱ አይቀርም።